ደቦ ከሆነ ብቻ

«እንግዲያው ወንዙንም የሞላኸው አንተ ነህ በይኛ!» አለ ዳምጠው።

«ስለ ወንዙ ማን አወራ? ስለ ሰርቨሩ ነው የምነግርህ። ባለፈው ሳምንት አንተ እጅህን እስክታስገባበት ድረስ አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም» አለችው ትርሲት።

«ያሻሻለ ሰው ይመሰገናል እንጂ ይሰደባል እንዴ? የቆመው ገደብ ስላልነበረው ነው። ገደብ መጻፍ ደግሞ የአንቺ ሥራ ነው።»

«ጽፌዋለሁ አልኩህ እኮ! ጠዋት አብረን አየነው አይደል? ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ዓይንህን ቤት ትተኸው ነው የመጣኸው?»

«አየሁት። ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል ታዲያ?»

ትርሲት ፊቷን ወደ ደጋው አዞረች። ተራራው ጫፍ ላይ ደመና እየተከመረ ነበር። ጠዋት ነጭ ነበር፤ አሁን ሥሩ መጥቆር ጀምሯል።

ሁለቱ የሚሠሩት በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ወንዝ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ወንዙ ከደጋ ወርዶ በከተማዋ ጎን ያልፍና ወደ ቆላ ይሄዳል። ድልድይ ያለው ከተማዋ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያሉ ሰዎች የሚሻገሩት በእግራቸው፣ በመልካ በኩል ነው። ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ቆላው ፀሐይ ሊሆን ይችላል። የወንዙ ሙላት የሚመጣው ሳይታሰብ ነው፤ ሲደርስ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይደርሳል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ደጋው ላይ የውሃ መለኪያ ተክሎ አንድ ገጽ በኢንተርኔት ከፈተ። ውሃው ሰላም ሲሆን ገጹ አረንጓዴ ነው። ሙላት ሲነሳ ቀይ ይሆናል። በየመልካው የሚቆሙ ጠባቂዎች ስልካቸውን ከፍተው ያያሉ፤ ቀይ ከሆነ ሰው አያሻግሩም።

ሰርቨሩ ይህን ገጽ ለጠየቀው ሁሉ የሚያድለው ማሽን ነው። ብዙ እጆች አሉት፤ ባለሙያዎቹ ትሬድ ይሏቸዋል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ አንድ እጅ ይዘረጋል። እጆቹ ሁሉ ግን የሚመገቡት ከአንድ ሆድ ነው። ከልክ በላይ ከተዘረጉ አንዱ እጅ ብቻ አይደለም የሚደክመው፤ ማሽኑ በሙሉ ይዝለፈለፋል። ለዚህ ነው ትርሲት ከዚህ ቁጥር በላይ እጅ እንዳይዘረጋ ብላ ገደብ የጻፈችለት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። የከተማው ሰው ሁሉ ፈርቶ ገጹን ከፈተ። ማሽኑ እጁን ዘረጋ፣ ዘረጋ፣ ከዚያ ተዝለፈለፈ። በጠባቂዎቹ ስልክ ላይ የቀረው ቀደም ብሎ የመጣው ገጽ ነበር። እሱ አረንጓዴ ነው።

ታችኛው መልካ ላይ የሚቆመው ጠባቂ አቶ ወንድይራድ ይባላሉ። የትርሲት አባት ናቸው። ጆሯቸው መስማት ከተወ ቆይቷል፤ የውሃውን ድምፅ አይሰሙም፣ ስልክ ቢደወልላቸውም አያነሱም፣ ፊደል ስላልቆጠሩ መልእክትም አያነቡም። እሳቸው የሚያምኑት ቀለሙን ነው። ልጃቸው የሠራችው ገጽ አረንጓዴ ካለ አረንጓዴ ነው። ትናንት ስልካቸውን አዩና አንድ ገበሬ ሁለት በሬዎቹን ይዞ እንዲገባ በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ገበሬው ከመካከል ሲደርስ ውሃው መጣ። ሰውየው የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ተረፈ። በሬዎቹን ግን አቶ ወንድይራድ እያዩ ውሃው ወሰዳቸው።

ዛሬም እዚያው ቆመዋል። ዛሬም ስልካቸውን ይዘዋል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ ዳምጠው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባትሽ ስልኩን ትተው ወንዙን ቢያዩ አይሻልም?»

«ወንዙን ሲያዩት እኮ ደርሷል!» ብላ ጮኸች። «አንተ ቆመህ አይተኸው ታውቃለህ? አፈሩን፣ ድንጋዩን፣ ዛፉን ይዞ ነው የሚመጣው። ሮጦ ያመለጠው የለም።»

ዳምጠው በተናገረው አፈረና መሬት መሬት አየ።

ማሽኑ ያለበት ክፍል ተቆልፏል። ቁልፍ ያዡ ምሳ ሄዷል። ማሽኑ የሚነካው ከክፍሉ ውስጥ ብቻ ስለሆነ በረንዳው ላይ ቆመው ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ግን ትርሲት በሩ ቢከፈትም ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። ይህ ከሁሉ በላይ አስፈራት። ስህተቱን ሳታውቅ ማሽኑን ብትነካው ይብስ ይበላሻል። ካልነካችው ደግሞ ደመናው እየመጣ ነው።

በዚህ መካከል መምህር አጥናፉ ዣንጥላቸውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዙ በግቢው በር ገቡ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሁለቱንም በሙያ ትምህርት ቤት ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። ማለዳ ትርሲት ናት የደወለችላቸው።

«ድምፃችሁ መንገድ ላይ ይሰማል» አሉ። «ሰው ገበያ የቆመ መስሎት ሊገባ ነው።»

«ጋሼ፣ እሷን ጠይቋት» አለ ዳምጠው።

«ጋሼ፣ እሱን ጠይቁት» አለች ትርሲት በዚያው ቅጽበት።

መምህር አጥናፉ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዣንጥላውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከዚያ ደመናውን አዩ።

ትርሲት ፊት ለፊታቸው ቆመች። የተማሪነቷ ጊዜ የመጣ ይመስል እጆቿን ከኋላዋ አጣምራለች።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አለች። «ገደቡን ጽፌዋለሁ። ማሽኑንም ፋይሌን እንዲያረጋግጥልኝ ትናንት ጠይቄዋለሁ፣ ዛሬ ጠዋትም ጠይቄዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ምንም ስህተት የለም አለኝ። ትእዛዙ አለ፣ ትክክል ነው፣ ማሽኑም አንብቦታል። ታዲያ ለምን አልታዘዘኝም?»

መምህሩ «ቁልፍ ያዡ መቼ ይመጣል?» ብለው ጠየቁ።

«ምሳውን ሲጨርስ።»

«እንግዲያው ጊዜ አለን። ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ዳምጠው በአግዳሚው አንድ ጫፍ፣ ትርሲት በሌላው ጫፍ። መምህሩም እንዲህ ብለው ጀመሩ።

ከገደል ማዶ ማሳ ያለው አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ቤቱ በዚህ በኩል፣ እህሉ በዚያ በኩል ነው። በመካከል ጥልቅ ገደል አለ። ከታች ውሃው ይሰማል እንጂ አይታይም። ሰውየው ገደሉ ላይ ከግንድና ከሐረግ ድልድይ አሠራ። ጥሩ ድልድይ ነበር። ቢሆንም ድልድይ ነው፤ መሬት አይደለም። ሰው ሲረግጠው ይንቀጠቀጣል፣ ያቃስታል።

ሰውየው ፈሪ ነበር። ሌባ ይፈራል፣ አንበጣ ይፈራል፤ ከሁሉ አብልጦ ግን ይህን ድልድይ ይፈራ ነበር። ምሳ እየበላ በመካከል ጉርሻውን ይዞ ጆሮውን ያቆማል። ሚስቱ «ምን ሰማህ?» ስትለው «ሐረጉ ሲጢጥ ያለ መሰለኝ» ይላታል። ከሁሉ የባሰ የሚያስፈራው ደግሞ የደቦ ቀን ነው። ደቦ ሲጠራ ቤቱ ጠላ ይጠምቃል፣ አገሩ ሁሉ ይመጣል። ሁሉም በአንድ ላይ ያጭዳል፣ በአንድ ላይ ይዘፍናል፣ ነዶውን ተሸክሞ በአንድ ላይ ይመለሳል። እጁ ብዙ ነው። ድልድዩ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ሰውየው ዘበኛ ቀጠረ። ሸክም የያዘ ሰው የሚመጣው ከማሳው ስለሆነ ዘበኛውን በማሳው በኩል፣ ድልድዩ ራስ ላይ አቆመው። ረጅም በትርም ሰጠው። እንዲህ ሲል አዘዘው፦ «ደቦ ከሆነ ከስድስት ሰው በላይ ባንድ ጊዜ እንዳታሳልፍ። ስድስቱ ተሻግረው መሬት ሳይረግጡ ሰባተኛው እንዳይገባ። በትርህን አጋድምበት።»

«ደቦ ካልሆነስ ጌታዬ?» አለ ዘበኛው።

«ደቦ ካልሆነ አያገባህም። ዝም ብለህ ቁም።»

ዘበኛው ቅን ሰው ነበር። እሱም ግን እንደ ጌታው ፈሪ ነው። አንድ የገበያ ቀን ሰዎች በዛ ብለው መጡና ድልድዩ ሲያቃስት ሰማ። ደነገጠና በትሩን አጋደመ። ከሰዎቹ መካከል ለቅሶ የሚሄዱ የጌታው ዘመዶች ነበሩ። ቆመው ቀሩ፤ ቀብሩ አመለጣቸው፤ ተቀየሙ። ሰውየው ይህን ሲሰማ መጥቶ ዘበኛውን በሰው ፊት አዋረደው። «ደቦ ከሆነ ነው ያልኩህ! ሰው ባየህ ቁጥር በትርህን አጋድም አልኩህ? ዛሬ ጠላ ሲያልፍ አይተሃል? ዘፈን ሰምተሃል? የት አለ ደቦው?» አለው። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። አንዱማ «ዶሮም ስትሻገር ያስቆማታል!» ብሎ አሾፈበት። ከዚያ ወዲህ ዘበኛው ትእዛዙን እንደ ተሰጠው ያዘ። ከትእዛዙ ውጭ አፉን መክፈት ተወ።

የሰውየው ልብ ግን አላረፈም። በየማለዳው ድልድዩን ተሻግሮ ይመጣና ዘበኛውን «ትእዛዜን በል» ይለዋል። ዘበኛው ቀጥ ብሎ ቆሞ «ደቦ ከሆነ ከስድስት ሰው በላይ ባንድ ጊዜ እንዳላሳልፍ» ይላል። አንድ ቃል አይስትም። ሰውየው «ደህና» ብሎ ይሄዳል። ፍርሃቱም እስከ ማግስቱ ጋብ ይልለታል።

ብዙ አዝመራ እንዲህ አለፈ። ደቦ በተጠራ ቁጥር ዘበኛው የጠላው እንስራ ሲያልፍ ያያል፣ ዘፈኑን ይሰማል፣ በትሩን ያጋድማል። ስድስት ስድስት እያደረገ ያሳልፋል። ማንንም ክፉ አላገኘውም። ሰውየውም ትእዛዜ መልካም ትእዛዝ ነው ብሎ አመነ። መልካምም ነበር።

ከዚያ የሰውየው ወንድም ሞተ። ቤቱ ሐዘን ገባ። ሐዘን የገባበት ቤት ጠላ ጠምቆ ሰው አያዘፍንም፤ በአገሩ ነውር ነው። ስለዚህ ደቦ መጥራት አይቻልም። ጤፉ ደግሞ ደርሷል፤ ካልታጨደ ይረግፋል። ሰውየው አሰበ። ከዚያ የበኩር ልጁን ጠራና «ዘንድሮ ወንፈል እናድርገው» አለው። «አንተ አስቀድመህ በየጎረቤቱ ማሳ ወርደህ እጨድላቸው። የእኛ ተራ ሲደርስ እነሱ መጥተው ያጭዱልናል። ወንፈል ድግስ አይፈልግም፤ ሁሉም ምሳውን ይዞ ይመጣል።» ልጁ ጎበዝ ነበር፤ እሺ ብሎ ወረደ። የዚህንም የዚያንም እህል አጨደ። ማንም ጎረቤት አልቀረበትም፤ ማንም የእሱን ተራ ሊያስቀር አልቻለም።

ተራቸው ደረሰ። ማለዳ ሰማዩ ከበድ ብሎ ነበር። ሰውየው እንደ ልማዱ ተሻግሮ መጣ። ወንድሙን ስለቀበረ ራሱን ተላጭቷል፣ ነጠላውን አዘቅዝቋል። «ትእዛዜን በል» አለ።

ዘበኛው «ደቦ ከሆነ ከስድስት ሰው በላይ ባንድ ጊዜ እንዳላሳልፍ» አለ።

«ደህና» አለና ወደ ማሳው ወረደ።

ጎረቤቶቹ አንድም ሁለትም እየሆኑ መጡ። ሁሉም ምሳውን በጨርቅ ቋጥሯል። ቤቱ ሐዘንተኛ ስለሆነ ማንም አልዘፈነም። ማጭድ ብቻ ነበር የሚሰማው። ይህ ዝምታ ለዘበኛው አዲስ ነገር ነበር። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ድምፅ ሳያሰማ ሲሠራ አይቶ አያውቅም።

እኩለ ቀን ሲያልፍ አንድ ትልቅ የዝናብ ጠብታ የዘበኛው እጅ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሌላ። ማሳው ውስጥ አንድ ሰው «ጤፉ!» ብሎ ጮኸ። የታጨደ ጤፍ ዝናብ ከመታው አለቀለት። ሁሉም ያገኘውን ያህል ነዶ ተሸከመና ወደ ድልድዩ ሮጠ። ከፊት ከሚሮጡት አንዱ የሰውየው ልጅ ነበር፤ የራሱ እህል ነውና።

ዘበኛው አያቸው። ስድስት አልነበሩም። ከስድስት እጥፍም ይበልጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ግንዱን ሲረግጡ ድልድዩ አቃሰተ። ዘበኛው በትሩን አነሳ። እንስራ ሲያልፍ አይቶ እንደሆነ አሰበ። አላየም። ዘፈን ሰምቶ እንደሆነ አሰበ። አልሰማም። ልቡ «አስቁማቸው» አለው። ጆሮው ውስጥ ግን የዚያ የገበያ ቀን ሳቅ መጣ። ዶሮም ስትሻገር ያስቆማታል። «ዛሬ ደቦ አይደለም» አለ ለራሱ። በትሩንም መልሶ አወረደ።

ሰውየው ገና ማሳው ውስጥ ነበር። ቀና ሲል ድልድዩ በሰው ጠቁሮ አየ። ያ የድሮ ፍርሃቱ ተነሳበት። ሊጮህም አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ዘበኛውን ከሩቅ አየው፤ ቦታው ላይ ቆሟል፣ በትሩም በእጁ ነው። «ዘበኛው አለ» አለ ሰውየው። «ትእዛዙን ያውቃል። ዛሬ ማለዳ እንኳን አንድ ቃል አልሳተም።» ፍርሃቱ ጋብ አለለት። ጎንበስ ብሎ የመጨረሻውን ነዶ ማሰር ጀመረ። ሐረጉ ሲበጠስ የሰማው እንዳጎነበሰ ነው።

ዳር ዳር የነበሩት የተንጠለጠለውን ሐረግ ይዘው ተረፉ። መካከል ላይ የነበሩት ወደ ገደሉ ወረዱ። ልጁ መካከል ላይ ነበር።

ሰውየው እየሮጠ መጣና ዘበኛውን አንገቱን ያዘው። «አላዘዝኩህም?» አለ።

«አዘውኛል ጌታዬ።»

«ምን ብዬ ነው ያዘዝኩህ? ምን ብዬ?»

ዘበኛው እያለቀሰ ደገመለት። አሁንም አንድ ቃል አልሳተም። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ ጠየቀው፦ «ጌታዬ፣ ዛሬ ደቦ ነበር እንዴ?»

የሰውየው እጅ ላላ። አንገቱን ለቀቀው። ሁለቱም ከገደሉ አፋፍ ቁጭ አሉ። ቤቱ ከማዶ ይታያል። ሚስቱ ወጥታ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ማን ማን እንደቀረ ለማየት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋለች። ወደ እሷ የሚሻገርበት መንገድ አልነበረውም።

መምህር አጥናፉ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከሩቅ፣ ከደጋው በኩል፣ ጎርናና ድምፅ ተሰማ። ነጎድጓድ ይሁን መኪና አልለየም። ትርሲት ስልኳን አወጣችና ገጹን አየች። አረንጓዴ ነው። አሁን የመጣ አረንጓዴ ይሁን የቆየ አረንጓዴ ማወቅ አልቻለችም። ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

መምህሩ ወደ እሷ ዞሩ።

«ትርሲት፣ ዘበኛው ያንቺ ማሽን ነው» አሉ። «ድልድዩም የማሽኑ ሆድ ነው። አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። ገደቡን ስትጽፊው ከላዩ ላይ ምን ብለሽ ጀመርሽ?»

ትርሲት ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ወርከር ከሆነ ብዬ» አለች በቀስታ።

«ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«ያኔ ማሽኑ የሚሠራው ወርከር በሚባለው ስልት ነበር። ብዙ እጅ የሚዘረጋበት ስልት ነው። እጅ በማይበዛበት ስልት ከሠራ ግን ገደቡ እንዳያስቸግረው ፈራሁ። ስለዚህ ወርከር ከሆነ ይህን ያህል፣ ካልሆነ እለፈው ብዬ ጻፍኩ።»

«መልካም ትእዛዝ ነው» አሉ መምህሩ። «ዳምጠው፣ አንተስ ባለፈው ሳምንት ምኑን ነው ያሻሻልከው?»

ዳምጠው በአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቁነጠነጠ። «ወደ ኢቨንት ነው የቀየርኩት» አለ። «አዲሱ ስልት ነው፣ ከወርከር ይፈጥናል። ግን ጋሼ፣ ኢቨንትም እኮ ያው በትሬድ ነው የሚሠራው! እጁ ያው ብዙ ነው! ልዩነቱ እኮ...»

«ወንፈልስ?» አሉት መምህሩ። «የወንፈል ቀን እጁ ጥቂት ነበር?»

«ብዙ ነበር» አለ ዳምጠው።

«ማሽኑ አልከዳሽም ትርሲት» አሉ መምህሩ። «ስንፍናም አይደለም። ፋይልሽን ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ወርከር ከሆነ የሚል ቃል አገኘ። ራሱን አየ፤ ወርከር አይደለም። እንዳዘዝሽው አለፈው። ሲያልፍም አልጮኸም፤ ጩህ ያለው የለማ። ከዚያ ገደብ ያልተነገረው ማሽን ከፋብሪካው ይዞት የመጣውን ልማድ ተከተለ። ያ ልማድ ደግሞ ለትልልቅ ማሽን የተለካ ነው። የእናንተ ድልድይ ቀጭን እንደሆነ ምን ያውቃል?»

«ታዲያ ለምን ስህተት የለም አለኝ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ልቅሶ ነበር።

«ስህተት ስለሌለበት ነዋ። አንቺ የጠየቅሽው ትእዛዜን በል ብለሽ ነው። እሱም ቃል ሳይስት አለልሽ። ሰውየውስ በየማለዳው ሌላ ምን ጠየቀ? ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ትእዛዜ ዛሬ ይሠራል ወይ ብሎ አንድ ቀን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ዘበኛው ራሱ ይነግረው ነበር። አይሠራም ጌታዬ፣ ዛሬ ደቦ የለም፣ በትሬን አላጋድምም ይለው ነበር። ሰውየው ሊሰማ የፈለገው የሚያረጋጋውን ነው። ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል። ለሚያስፈራን ነገር አንድ ጊዜ ‹ከሆነ› ብለን እናዝና ከዚያ በኋላ ማዘዛችንን እያስታወስን እንተኛለን።»

ዳምጠው ጉሮሮውን ጠረገ። «እና ጥፋቱ የማን ነው ጋሼ?» አለ። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«በታሪኩ ውስጥ ትእዛዙን ያዘዘውም፣ ደቦውን ወደ ወንፈል የቀየረውም አንድ ሰው ነው። የሚጣላው አጥቶ አፋፍ ላይ ቁጭ አለ። እናንተ ግን ሁለት ስለሆናችሁ ከማለዳ ጀምሮ ተጣላችሁ። እሷ የጻፈችውን አንተ ሳታነብ ቀየርክ። አንተ የቀየርከውን እሷ ሳታይ ታመነች። እኔ ግን ማን አጠፋ ብዬ አልመጣሁም። ጥያቄዋን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

ወደ ትርሲት ዞሩና አዩዋት።

«ልጄ፣ የጠየቅሽኝ ለምን አልታዘዘኝም ብለሽ ነው። ታዝዞሻል። ‹ከሆነ› ያለበት ትእዛዝ ሁኔታው ካልተሟላ ትእዛዝ አይደለም፤ እዚያ እንዳልተጻፈ ነው። የሚያስፈራሽ ነገር ስሙ አይደለም፤ ብዛቱ ነው። እንግዲያው በስሙ አትዘዢ። ወይ ገደቡን ያለ ቅድመ ሁኔታ ጻፊው፣ ወይም ደቦም ወንፈልም ቢሆን በይው። ከዚያ ደግሞ ማሽኑ ፊት ቁጭ በይና ዛሬ በእውነት ስንት እጅ እንደዘረጋ ራስሽ እዪ። ትእዛዝሽን እንዲደግምልሽ አትጠይቂው።»

ትርሲት ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ሚስትየዋ... ደጃፍ ላይ የቆመችው... ማን እንደቀረ አየች?»

መምህር አጥናፉ ዣንጥላቸውን አጥብቀው ያዙ።

በዚያው ጊዜ ቁልፍ ያዡ በግቢው በር ገባ። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ዝግ ብሎ ነው የሚመጣው። «ምነው ፊታችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?» አለ እየሳቀ። ማንም አልሳቀለትም። ከደጋው በኩል ያ ድምፅ እንደገና መጣ፤ አሁን መኪና እንዳልሆነ ሁሉም አወቁ። ተራራው አይታይም ነበር። የነበረበት ቦታ ጠቁሮ ወደ መሬት ወርዷል።

ትርሲት ስልኳን ገልብጣ አየችው። አረንጓዴ። ታችኛው መልካ ላይ፣ በፀሐይ ውስጥ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ይህንኑ ቀለም እያዩ ይሆናል። ምናልባት ውሃው ዳር ደርሶ የሚጠብቃቸው ሰው ይኖራል። ምናልባት እጃቸውን ለምልክት እያነሱ ነው።

«ትርሲት» አለ ዳምጠው ከአግዳሚው ብድግ እያለ። «ስሚኝ፣ እኔ እኮ...»

እሷ ተነስታ ነበር። ቁልፍ ያዡ ፊት ደርሳ ቁልፉን ከእጁ ወሰደችና፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣ ወደ ማሽኑ ክፍል ሄደች።